ለነብሮ ዳሌ የሰጠሁት መርፌ

ሥራ የጀመርኩት መርሳ ከተማ ዳር ባለች፣ ሁለት ክፍል ብቻ ባላት የግል የእንስሳት ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማክሰኞ ነበር። አዲስ ጋውን ለብሼ፣ ቴርሞሜትሬን ኪሴ ከትቼ በማለዳ ደረስኩ። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ሰናይት ቦቲ ጫማ አጥልቃ ከአንዲት የምታነክስ ላም ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር። ሰላምታዬን ሳልጨርስ የላሚቱን እግር በገመድ እንድይዝላት አዘዘችኝ።

ገመዱን ይዤ ለላሚቱ ባለቤት ሰኮና ለምን እንደሚበሰብስ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ጭቃ፣ ስለ በረት፣ ስለ ጀርም። ዶክተር ሰናይት ቀና ሳትል፣ «መምህር፣ ቋጠሮውን ጠበቅ አድርግ፤ ላሚቱ ማስታወሻ አትይዝም» አለችኝ። ባለቤቱ ሳቀ። ማዕረጌ የእንስሳት ጤና ረዳት ቢሆንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ መምህር ሆነ። ዛሬ ወልድያ ውስጥ የእንስሳት ጤና አስተምራለሁ። ያኔ ግን ስድብ ነበር።

ውሻ ወደ እኛ የሚመጣው የእብድ ውሻ ክትባት ሲደርስ ብቻ ነው። ውሻዬ አነከሰ ብሎ የሚመጣ ሰው አላየሁም ነበር። ያነከሰ በሬ እንኳ መጀመሪያ የሚተኮሰው በጋለ ብረት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ነው።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። በሁለተኛው ወር የራሴን የምርመራ ካርድ አዘጋጀሁ። አሥራ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩት፦ ዕድሜ፣ ምግብ፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ መታከሙ፣ ሌላም ሌላም። ዶክተር ሰናይት አገላብጣ አየችውና ጥሩ ነው፣ ግን ካርድ ላይ ዓይንህን ስትተክል ሰውየውን እንዳትረሳው አለችኝ። ምክሩን ሰማሁት፤ አልያዝኩትም።

ኅዳር ሲገባ አባ ይመር መጡ። ከውርጌሳ በላይ ካለው ተረተር ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አፉ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ቀይ ውሻ ይዘው ከባጃጅ ወረዱ። የባጃጁ ሾፌር ውሻው አብዶ ከሆነ እኔንም አብራችሁ ክተቡኝ እያለ ያጉረመርማል። አባ ይመር ጨርቁን ፈቱለት። ውሻው ሾፌሩን አሽትቶ መሬት ላይ ተኛ። «አየኸው? ያንተን ያህል እንኳን አይጮህም» አሉት።

የውሻው ስም ነብሮ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው አሉኝ። ጠዋት ከተኛበት መነሣት አቅቶታል፤ ሲነሣም የኋላ እግሩን ይጎትታል፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይሻለዋል። ጎረቤቶቻቸው ዳሌውን ተኩሰው ቢሏቸውም እሺ አላሉም።

«እኔን ጉልበቴን ሁለቴ ተኩሰውኛል» አሉ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠባሳውን እያሳዩኝ። «ሕመሙም አለ፣ ጠባሳውም አለ። ታዲያ እሱ ምን አጥፍቶ አቃጥለዋለሁ?»

ጠባሳውን አየሁ። አዘንኩ። ከዚያ ወደ ካርዴ ተመለስኩ።

አባ ይመርን ያስጨነቃቸው የውሻው ሕመም ብቻ አልነበረም። ግማሽ ጥማድ ማሽላቸው ገደል አፍ ላይ ነው። ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ዝንጀሮዎቹ በየማለዳው ከገደሉ ይወጣሉ። የሚያባርራቸው ነብሮ ነበር። ከዚያ ማሽላ ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም። «እኔንማ ንቀውኛል። ድንጋይ ስወረውር የት እንደሚወድቅ ቆመው ያያሉ» አሉኝ።

ነብሮን ግቢው ውስጥ አስኬድኩት። ለዚህ ነገር አዲስ የሆነ ሰው እንዲያውቀው ያየሁትን ልጻፍ። እርምጃው አጭር ነው። ሲቆም ክብደቱን ወደ ፊት እግሮቹ ይጥላል። ግራ ጭኑ ከቀኙ ሰልሏል። የግራ እግሩ ጥፍሮች በመጎተት ብዛት ተበልተዋል። ዳሌው ላይ ያለው ፀጉር በምላሱ ልሶት ሳስቷል። እግሩን ወደ ኋላ ስዘረጋው አልጮኸም፤ ግን ምላሱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ጆሮውን አጣጠፈ። ውሻ የመገጣጠሚያ ሕመሙን በጩኸት አይናገርም። ሰው «አረጀ» የሚለው ብዙ ጊዜ እያመመው ያለውን ውሻ ነው።

የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አልኳቸው። አይድንም፤ ግን ይያዛል። ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ እንዳይተኛ፣ ማታ ቤት እንዲያስገቡት ነገርኳቸው። ሶላት የሚሰግዱበት ቤት ውሻ እንደማይገባ በትሕትና መለሱልኝ። ስለዚህ ከግድግዳው ጋር የአገዳ ዳስ እንዲሠሩለት፣ ጭድና ጆንያ እንዲያነጥፉለት ተስማማን። ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ዳሌውን ይሸፍኑለታል። ቀስ ብሎ፣ በአጭር በአጭሩ ይራመዳል። ገደል አይወርድም።

«ዝንጀሮውስ?» አሉ።

ካርዱን ሞላሁ። ሌላ ቦታ ታክሞ ያውቃል ወይ ስላቸው አያውቅም አሉ። እውነታቸውን ነበር። ዶክተር ሰናይት ውሻውን ደግማ መረመረችውና ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ብግነት የሚያበርድ መርፌ በክብደቱ ልክ እንድወጋው ፈቀደችልኝ። ለእኔ ለብቻዬ ግን አስጠነቀቀችኝ፦ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሕመሙ ሲጠፋለት ይሮጣል፣ ሲሮጥ ደግሞ ይብስበታል።

በሦስተኛው ቀን አባ ይመር ተመለሱ። ነብሮ ከባጃጁ ላይ ዘሎ ወረደ። ትናንት ዝንጀሮዎቹን እስከ ገደሉ አፍ አሳዷቸዋል አሉ። ዛሬ ጠዋት ግን ትንሽ ያዝ አድርጎታል። እስኪታጨድ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ድገምልኝ ብለው ለመኑኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር። እኔም በመርፌዬ ኮርቼ ነበር። ዶክተር ሰናይት ክትባት ልታመጣ ወልድያ ሄዳለች። ስልክ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ሁለተኛውን መርፌ ወጋሁት።

ከአራት ቀን በኋላ ነብሮን በአህያ ጋሪ አመጡት። ከተኛበት አልተነሣም። ዶክተር ሰናይት ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየችው፤ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከጅራቱ ሥር ያለው ጆንያ ሬንጅ በመሰለ ጥቁር ነገር ተለውሷል። የተፈጨ ደም ነው። ጨጓራው ቆስሎ ይደማ ነበር።

እኔን አላየችኝም። ወደ አባ ይመር ዞራ፣ «አባባ፣ ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ከኮታቸው ኪስ የተጣጠፈ የክኒን ቅጠል አወጡ። ከመድኃኒት ቤት የገዙት የሰው ማስታገሻ ነው። ብዙው ፍሬ ወጥቷል።

«ለእሱስ ሰጥተውታል?»

«ጠዋት ጠዋት፣ በቂጣ ጠቅልዬ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ። እኔን ሲሻለኝ እሱ እያየኝ ለብቻዬ ልውጥ? ከጥቅምት ጀምሮ እንደዚያው ነን።»

ያ ክኒን ብቻውን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል። ውሻ እንደ ሰው አይቋቋመውም። በላዩ የእኔ መርፌ ሲጨመር ቁስሉ ይከፈታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ዶክተር ሰናይት ግሉኮስ ሰቀለችለት። የጨጓራ መድኃኒትም ሰጠችው። እኔ ጭንቅላቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ከእኩለ ቀን በፊት ሞተ።

አባ ይመር አልጮኹም። ኢናሊላሂ ሊሉ ጀመሩና ለውሻ መሆኑን አስታውሰው መሰለኝ፣ ተዉት። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ።

«በክኒኑ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

የማብራራት ልማዴ መጣ። ስለ ጨጓራ ግድግዳ፣ ስለ ሁለቱ መድኃኒቶች መጋጨት ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዶክተር ሰናይት ታየኛለች። ሁሉንም ተውኩት።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ሳልጠይቅዎ ወጋሁት። ሁለተኛውን ደግሞ ተከልክዬ ነው የወጋሁት።»

«መጠየቁንስ ብዙ ጠይቀኸኝ ነበር» አሉ። «ሁሉም ስለ እሱ ነበር። ጉልበቴን እያየህ ስለ እኔ አንድም አልጠየቅኸኝ።»

በቁጣ አይደለም የተናገሩት። የረሳሁትን ዕቃ እንደሚያሳይ ሰው ነው የጠቆሙኝ። ጋሪውን አዙረው ሄዱ።

ዶክተር ሰናይት መዝገቡን ሰጠችኝና ሁለቱንም መርፌ፣ ክኒኑንም፣ የሞተበትንም ምክንያት በራሴ እጅ እንድጽፍ አደረገችኝ። «ብግነቱ ገደለው ብለህ እንዳትጽፍ» አለችኝ። አልጻፍኩም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት መርፌ እንድይዝ አልፈቀደችልኝም።

በሳምንቱ እሑድ ወደ ውርጌሳ ወጣሁ። አባ ይመር ማሽላውን ሳይደርቅ አጭደውታል። ከገደሉ በኩል ያለው ግማሹ ቆሞ ነበር፤ ዝንጀሮ ስለበላው ራስ የለውም። የታጨደው እርጥብ ስለሆነ እየሻገተ ነው፤ ፀሐይ ላይ በትነው ያገላብጡታል። አብሬያቸው ሳገላብጥ ዋልኩ። ስለ ነብሮ አላነሣንም። ከመውጣቴ በፊት ክኒኑን ባዶ ሆድ እንዳይውጡት፣ ጤና ጣቢያም ሄደው እንዲታዩ ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ። ይሂዱ አይሂዱ አላውቅም።

ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህንን ነው። በአገራችን ሰው የታመመ እንስሳውን ከራሱ መድኃኒት ያካፍለዋል፤ የሚያካፍለውም ስለሚወደው ነው፤ እንደ ሕክምና ስለማይቆጥረው አይነግራችሁም። ስለዚህ ያነከሰ ውሻ ይዞ ለመጣ ሰው፣ እሱ ራሱ ምን እንደሚወስድ ጠይቁት። ሲሪንጅ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።