የስለት ቡችላ

ልጄ አምስት ዓመት ሳይሞላት በሁለቱም ዐይኖቿ ላይ ሞራ ወጣባት። ጄኔቫ፣ ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሜ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ልጄ ካየችልኝ ለማያይ ሰው የሚሆን አንድ ነገር አደርጋለሁ አልኩ። ልጄ አየች።

ምን እንደማደርግ ግን ለዓመታት አላወቅኩም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ዙሪክ ስላለ አንድ ትምህርት ቤት ነገረችኝ። ዐይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች ያሠለጥናል፤ ቡችሎቹን የሚያሳድጉለት ቤተሰቦች ይፈልጋል። ቡችላው ከአንድ ዓመት በላይ ሰው ቤት ያድግና ለሥልጠና ይመለሳል። ስለቴ ይሄ ነው አልኩ።

ባለቤቴ ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ ባለችው ጠባብ ቤታችን መሐል ቆሞ ሳቀብኝ።

«ሰው ለስለት ጧፍ ይሰጣል፣ ጃንጥላ ይሰጣል። አንቺ ውሻ?»

«ጃንጥላ መንገድ አይመራም» አልኩት።

ቡችላው መጣ። ጥቁር ነው፤ መዳፉ ከሰውነቱ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን የልጄ ጫማ ላይ ተኛ፤ በቃ፣ የሷ ሆነ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ እሁድ እሁድ በር ላይ ይዛው ትቆማለች። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጅሽን ከቅዳሴ አውጥተሽ የውሻ ዘበኛ አደረግሻት?» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ለሥራው የማይሆን ውሻ መጀመሪያ የሚሰጠው ላሳደገው ቤተሰብ ነው። ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ ውሻውን ማበላሸት ጀመረች። ከጠረጴዛ ሥር ዳቦ ታቀብለዋለች። የሰፈራችን የገበያ ማዕከል ደጃፍ ላይ እርግቦቹን እንዲያባርር ትለቀዋለች። እኔ ከሥራ ስመለስ አቃናዋለሁ። ዳቦ ፊቱ ጥዬ እንዳይነካ አደርገዋለሁ፤ እርግቦቹ መሐል አስቀምጠዋለሁ።

«እማዬ፣ እባክሽ፣ ትንሽ ብቻ ባለጌ ይሁን» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንድ ሰው በሱ ዐይን መንገድ ይሻገራል» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ዳቦ ስትሰጠው አላየሁም።

የመመለሻው ቀን ደረሰና በባቡር ወደ ዙሪክ ወሰድነው። እንዳስተማርነው እግራችን ሥር ተጋድሞ ሄደ። ባለቤቴ፣ «እንደሱ ጨዋ ተሳፋሪ የለም፤ እንደኔ እንኳን አያንኮራፋም» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ልጄ አልሳቀችም።

የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ በር ላይ ተቀብላን ገመዱን ያዘች። ውሻው ከልጄ እግር አልለይም አለ። ስትጎትተው በአራት እግሩ ወለሉን ቧጥጦ አለቀሰ። ሴትየዋ ገመዱን ላላ አደረገችና በፈረንሳይኛ፣ «እንዲህ ትታችሁት ከሄዳችሁ በር በሩን እያየ ይከርማል፤ አይሠለጥንም። በጣም የሚወዳት እሷ ‹ቆይ› ትበለውና ትሂድ» አለችን።

ልጄ ወዲያው ገባት።

«አልልም። ኖን። ካልሠለጠነ የኛ ነው።»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። «ተያት» አለኝ። «የተሳልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እሷ አይደለችም።»

እውነቱን ነበር። ተንበርክኬ የልጄን ፊት በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እነዚህ ዐይኖች የተሰጡሽ ናቸው» አልኳት። «ንገሪው።»

ወደ ውሻው ዞረች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ «ቆይ» አለችው። ተቀመጠ፤ ማልቀሱንም አቆመ። ጅራቱን እየቆላ፣ ደግ አደረግህ እስክትለው ጠበቃት። ልትለው ስትል አሠልጣኟ «አትበዪው፤ ይነሣል» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ልጄን በትከሻዋ ይዤ አስወጣኋት፤ እንዳትዞር አጥብቄ ነበር የያዝኳት።

የትራም ማቆሚያው ላይ ስንደርስ ፊቷን ሳትጠርግ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ዐይኔ ባይድን ኖሮ ለኔ ይሰጡኝ ነበር፣ አይደል?»

«እንዲህ አይባልም» አላት ባለቤቴ።

«አዎ» አልኳት።

ትራሙ ሲመጣ ሄዳ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ለእመቤቴ ምስጋናዬን አደረስኩ።