የተደፈነው የውሃ መውጫ

የሠፈራችንን ላሜራ ጠጋኝ ሁሉም «ጋሽ በኔ ይሁን» ይላቸዋል። ሥራ ሲቀበሉ ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል ናትና ስማቸው ሆና ቀረች። አርባ ዓመት የተጨራመተ በር ሲያቃኑ ኖረዋል፤ «ተሳሳትኩ» ሲሉ ግን የሰማቸው የለም። ባለቤታቸው እንኳ «እሱ የሚሳሳተው ተሳስቶ ነው» እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔ እዚያው ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ እንደገባ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ አሮጌ የቤት መኪና ይዘው መጡ። ከሟች ባለቤታቸው የቀረች ናት።

«ዝናብ በጣለ ቁጥር ከተሳፋሪው እግር ሥር ውሃ ይቋጥራል» አሉ። «የፊት መስታወቱን ጎማ ሁለቴ አስቀየርኩ። መኪና ነው የያዝኩት ጀልባ?»

«በኔ ይሁንብዎ፣ እትዬ።»

ጋሽ ኮፈኑን ከፍተው፣ ከመስታወቱ ሥር ያለውን ወንፊት መሳይ የአየር ማስገቢያ ክዳን ፈቱ። ከሥሩ ገንዳ የመሰለ ቦታ አለ፤ እዚያ የገባ ዝናብ በግራና በቀኝ ቀዳዳዎች ወርዶ መሬት ይፈሳል። የቀኙ ቀዳዳ ግን በማስቲሽ ተደፍኗል። መውጫ ያጣው ውሃ እዚያው ተኝቶ ላሜራውን በልቶ፣ በበላው በኩል ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል።

«የት ያለ ደንቆሮ ነው የውሃ መውጫ የሚደፍን?» አልኩ።

ጋሽ ወደ ቀዳዳው ጠጋ አሉ። በደረቀው ማስቲሽ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ፤ መሐሉን ጠባሳ ሰንጥቆታል። የጋሽን አውራ ጣት ወጣት ሳሉ የላሜራ መቀስ ቆርጦት ጠባሳ ትቶበታል። ጣታቸውን ምልክቱ ላይ አሳረፉት፤ ልክክ አለ።

«ፍቀን እንጣለው፣ ማን ያያል?» አልኩ አፍሬ።

ጋሽ እጃቸውን ታጥበው ለአዋላጇ ደወሉ። ሲመጡ ቆመው ተቀበሏቸው።

«እትዬ፣ ቀለሟ ተቀይሮ ነው ያላወቅኳት። ከሃያ ዓመት በፊት ባለቤትዎ እኔ ዘንድ አምጥተዋት ነበር። ውሃው የሚገባበትን የደፈንኩ መስሎኝ የሚወጣበትን ደፈንኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዋላጇ ማስቲሹን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እስኪሞት ድረስ ‹የመኪናዋን መስኮት ሳትዘጋ እያሳደርክ ነው› ስለው ኖርኩ» አሉ። «ዘግቻለሁ ብሎ ይምል ነበር። አንድ ቀንም አላመንኩትም።»

ጋሽ ወንበር ስበው አቀረቡላቸው።

«እርስዎ የሳቱት ቀዳዳ ነው» አሉ አዋላጇ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ባሌን ያላመንኩት እኔ ነኝ። የየድርሻችንን እንያዝ። በሉ አሁን ሥሩልኝ።»

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ጋሽ የዛገውን ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱ፤ ጸረ ዝገት ቀለም እኔ ቀባሁ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ እሳቸው በብሩሽ ማስቲሽ አጠጡት፤ ቀዳዳዎቹን ክፍት ተዉ። ከዚያ አዋላጇ በገዛ እጃቸው በባልዲ ውሃ ከመስታወቱ ላይ አፈሰሱ። ጋሽ ውስጥ ተንበርክከው ከፊተኛው ሰሌዳ፣ ከክሩስኮቱ ሥር በመዳፋቸው ዳሰሱ። ውሃው በሁለቱም ጎን ከጎማዎቹ ኋላ ዱብ ዱብ እያለ ወረደ።

«ደረቅ ነው!» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ።

ሦስት ክረምት አለፈ፤ ወለሉ አልረጠበም። ጋሽም አሮጌ መኪና በገባ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው የውሃ መውጫውን በቀጭን ሽቦ ይፈትሻሉ።