ይልቃል የመረጠው ትራክተር

ይልቃል አሰብ የመጣው ለሁለት ዓመት ነበር። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ የጫነ መኪና ከጋቢናው ሲያወርደው የያዘው አንድ የእንጨት ሳጥንና በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የሰርዶ ሥር ብቻ ነው። ሳጥኑን ለተሸካሚ ሰጥቶ ጆንያውን ራሱ አቅፎ ቢሮ ገባ። እኔ ፀዳለ በዚያን ጊዜ የነዳጅ ማጣሪያ ድርጅታችን አስተዳደር ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ጆንያው የሚያንጠባጥበውን ውሃ አይቼ አሣ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር።

የወረኢሉ ልጅ ነው። እርሻ ትምህርት ቤት ጨርሶ ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ከሠራ በኋላ የሠራተኞች መኖሪያ ግቢያችንን አረንጓዴ እንዲያደርግ ተላከ። ግቢው ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ ራሔይታ እስከሚወስደው መንገድ ይደርሳል። ስልሳ ያህል ቤት፣ አንድ ክበብና አንድ ክሊኒክ አለው፤ የቀረው ሁሉ አሸዋና ጥቁር ድንጋይ ነበር። አስተዳዳሪያችን አቶ ገሠሠ ደግሞ ሣር ይፈልጋሉ። ከደጋ የመጡት መሐንዲሶችና ኦፕሬተሮች ጠልተው የሚለቁት ይህ ቦታ ሣር ቢኖረው ይቆዩበታል ብለው ያምኑ ነበር። እኛ ሳቅን። አሰብ ላይ ሣር!

ይልቃል ግን አበቀለው። ከየቤቱ የሚወጣውን የእጣቢ ውሃ በቦይ መርቶ፣ ጨው የበዛበትን አፈር አስጠርጎ፣ ሰርዶውን አንድ በአንድ ተከለ። በሁለተኛው ዓመት የክበቡ ፊት አረንጓዴ ሆነ። በዚያው ዓመት ለእረፍት አገሩ ሄዶ እቴናትን አግብቶ ተመለሰ። ቤታቸው ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር እቴናትና እኔ ወዲያው ተዋወቅን። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሙቀቱ ገላዋን ሽፍ አድርጎት እንቅልፍ አጣች።

«እስከ መስከረም ነው» ትለኝ ነበር። «ይልቃል ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ እንወጣለን።»

ሁለት ዓመቱ አለቀ። የመጀመሪያውን የዝውውር ማመልከቻ የተየብኩለት እኔ ነኝ። አቶ ገሠሠ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሣሩን ማን ይይዘዋል?» አሉት። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ጻፈ፤ እንደገና ያው ጥያቄ። ሰርዶ እንደሆነ ውሃ ካገኘ መሄጃ ስለማያጣ ከክበቡ ወደ ክሊኒኩ፣ ከክሊኒኩ ወደ ቤቶቹ ጓሮ ተዛመተ። አሥራ አንድ ሰዎች በማጭድ ቢያጭዱትም አንዱን ጫፍ ሲጨርሱ ሌላው ጫፍ ጉልበት ይደርስ ነበር። እባብ ገባበት። በአንድ ወገን ባሕር፣ በሌላው ወገን እስከ ደባይሲማ መንደርና ከዚያም ወዲያ በረሃ፤ መካከል ላይ ይልቃል ራሱ የተከለው ሣር። ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያየው፣ ሰው የማይወደውን ዘመዱን እንደሚያይ ያየው ነበር።

በኅዳር 1965 አቶ ገሠሠ አስጠሩት። እኔም ማስታወሻ እንድይዝ ገባሁ።

«ማጨጃ ያለው ትንሽ ትራክተር ልንገዛ ነው» አሉ። «ምርጫው የአንተ ነው። ገዝተን፣ አንድ ሰው አሠልጥነህ፣ ሥራው ከተያዘ ዝውውርህን እፈርማለሁ።»

«ይፈርማሉ?»

«ቃሌ ነው። ፀዳለም ሰምታለች።»

ይልቃል ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ እቴናት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጇን እናቷ ቤት ወረኢሉ ለመውለድ ቆርጣ ነበር። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ አራገፈችው።

ካታሎጎቹ መጡ። ይልቃል ሦስቱን ለየ። አንደኛው ብዙ ጉልበት ያለው ትልቅ ትራክተር ሲሆን ማጨጃው ከኋላው ይጎተታል። አስመጪው ወደብ አጠገብ ባለው መጋዘኑ አቁሞታል፤ በሳምንት ውስጥ ሊያስረክብ ይችላል። ሁለተኛው በቤንዚን የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ሦስተኛው ትንሽ የጣሊያን ናፍታ ትራክተር ነው፤ ማጨጃው ከሆዱ ሥር፣ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ይንጠለጠላል። እሱ ግን በመርከብ መምጣት አለበት። አራት ወር ይፈጃል።

ይልቃል ገመድ ይዞ ግቢውን ለካ። በሁለት ኩሽናዎች መካከል ያለውን መተላለፊያ፣ የጓሮ በሮቹን፣ በተከላቸው የኒም ዛፎች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ለካ። የፍሳሽ ጉድጓዶቹን የሲሚንቶ ክዳን ቆጠረ፤ ስልሳ ሦስት ነበሩ። ማጨጃው ሰፊ ከሆነ በኩሽናዎቹ መካከል አያልፍም። ከፍና ዝቅ የማይል ከሆነ ክዳኖቹን ይመታል። የቤንዚኑ ሞተር ማጨጃውን የሚያዞረው ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ነው፤ በዚህ ሙቀትና አሸዋ ቺንጋው በየሳምንቱ ይበጠሳል። የጣሊያኑ ግን ማጨጃውን በብረት ዘንግ ያዞራል፤ ከመሬቱም በአንድ እጀታ ይነሣል። መለዋወጫውም አሥመራ ይገኛል። ይህን ሁሉ በየቀኑ ቢሮዬ እየመጣ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ።

አቶ ገሠሠ የወደዱት ግን ትልቁን ነው። «ይሄ በአንድ ቀን ያጭደዋል» አሉ። አስመጪው ትልቁን ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሊሞክረው መጣ። ሁላችንም ወጥተን አየን። ክበቡ ፊት ሲሄድ በእርግጥም ያምር ነበር። ወደ ክሊኒኩ ሲታጠፍ ግን ማጨጃው ተዳፋቱ ላይ ዘመም አለና ሣሩን እስከ አሸዋው ድረስ ላጨው። ወዲያው አንድ ነገር ጮኸ። የክሊኒኩ በር መስታወት ረገፈ። ከበሩ ሥር ተራ እየጠበቁ የተቀመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ጎንበስ ብለዋል። ማጨጃው ያስፈነጠረው ድንጋይ ከራሳቸው በላይ አንድ ክንድ ያህል ነው ያለፈው። የማጨጃው ጎን ድንጋይ የሚያግድ ክዳን የለውም።

«ድንጋዩን አስቀድሞ ማስለቀም ነው» አሉ አቶ ገሠሠ።

ይልቃል ሄዶ ልጁን ከእናትየው ተቀበለና ከፀጉሩ ላይ የመስታወቱን ስብርባሪ ለቀመ።

ሰኞ ዕለት የምርጫውን ደብዳቤ ልተይብለት ስጠብቅ ካታሎጎቹን እያገላበጠ ተቀመጠ። እኔ እውነቱን ነገርኩት።

«ትልቁን ምረጥና ሂድ። በሳምንት ይመጣል፣ በወር ታሠለጥናለህ፣ እቴናት ሳይከብዳት ትወጣላችሁ። ከሄድክ በኋላ ምን ቸገረህ?»

«እሱን ነው የማስበው» አለ።

«ምኑን?»

«ከሄድኩ በኋላ ያለውን።»

በዚያ ምሽት በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። ለመስማት አልፈለግሁም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

«አራት ወር? ሆዴን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ወንበር ተጎተተ።

«ያቺ ሴትዮ ጎንበስ ባትል ኖሮ…» አለ።

«ነግረኸኛል። ሦስት ጊዜ ነግረኸኛል።» ወለሉ ላይ ስትመላለስ ሰማሁ። «የምታምንበትን ፈርም። እኔ እናቴ ጋ ልሂድ። በሰኔ ትመጣለህ።»

«በሰኔ እመጣለሁ።»

በማግሥቱ የጣሊያኑን መረጠ። አቶ ገሠሠ ተቆጡ፤ ግን ምርጫው የእሱ ነው ብለው ስለነበር ግዢውን ፈረሙ። እቴናት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አየሩ ገና ሳይከፋ፣ ሚስቱን ወደ ደሴ በሚመልስ የሥራ ባልደረባችን መኪና ተሳፍራ ሄደች። ይልቃል መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ ሥራው ገባ።

ትራክተሩ ሚያዝያ ላይ ደረሰ፤ እቴናት ሴት ልጅ በወለደች በሳምንቱ። የልጅቱ መወለድ ዜና በቴሌግራም ሲመጣ ይልቃል ወደብ ላይ የትራክተሩን ማሸጊያ ሳንቃ እያስነቀለ ነበር። ልጅቱን ትርፌ አሏት። የማጨጃውን ምላጮች በእጁ ገጣጥሞ፣ ጨው እንዳይበላው በየማታው በናፍታ በተነከረ ጨርቅ እየጠረገ፣ በየጠዋቱ የራዲያተሩን ፊት ከሣር ብናኝ እያጸዳ አስነሣው። ትንሿ ትራክተር በኩሽናዎቹ መካከል ሽው ብላ አለፈች። ክዳኖቹ ላይ ስትደርስ ማጨጃዋን ከፍ አድርጋ ተሻገረች። ቀድሞ በማጭድ ያጭዱ የነበሩትን ሰዎች ወደ ውሃ ማጠጣት አዛወራቸው፤ የታጨደውን ሣር እንደ ድሮው ለፍየሎቻቸው እንዲወስዱም አስፈቀደላቸው። በአንድ ወር ግቢው እንደ ተላጨ አገጭ ሆነ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሰዎች እየመጡ አዩት።

አሠልጥን የተባለው ይመር የሚባል የጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ፈጣን ልጅ ነው፤ ሞተር በጆሮው ያውቃል። በሰኔ ይመር ብቻውን ማጨድ ቻለ። ይልቃል ግን በሰኔ መሄድ አልቻለም፤ አቶ ገሠሠ «ትንሽ ይልመድ» አሉ። በሐምሌ የአሥር ቀን ፈቃድ አገኘና ወረኢሉ ሄደ። ልጁን ያየው ያኔ ነው። ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ግን ይስቅ ነበር። «በእጅሽ ስትይዣት ጣትሽን አትለቅም» አለኝ። የመጣው ዝውውሩን አስፈርሞ ዕቃውን ሊጠቀልል ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ የይመር ደብዳቤ ነበር። ወደብ የጭነት ማንሻ መኪና ነጂ ሆኖ ተቀጥሯል፤ የለቀቀው ከሦስት ቀን በፊት ነው። እንዴት እንደምነግረው ስላላወቅሁ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እሱ ምን ያድርግ» አለ በመጨረሻ። «እኔም ብሆን እሄድ ነበር።»

አቶ ገሠሠ ዘንድ ገባ። በሩ ክፍት ነበር።

«ሌላ ሰው ይስጡኝ። በሁለት ወር አሠለጥነዋለሁ።»

«ማንን? ያሠለጠንከውን ሁሉ ወደብ ይወስደዋል። ሥራውን ተመልከተው እስቲ፤ እንዲህ ያማረው አንተ ስላለህ ነው። ደግሞ ከራሔይታ መንገድ ወዲያ ያለውንም ቦታ ልናስተክል አስበናል።»

«ጌታዬ፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ቃሌን አልበላሁም። ጊዜው አልደረሰም ነው ያልኩት።»

ይልቃል ወጥቶ ትራክተሩ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን ግን አላስነሣም። በነሐሴ ፀሐይ ብረቱ ስለሚፋጅ መቀመጫው ላይ ጆንያ ያነጥፍ ነበር፤ ያን ዕለት ሳያነጥፍ ነው የተቀመጠው። ቆይቶ ተነሣና ማጨድ ጀመረ። ትልቁን መርጦ ቢሆን ኖሮ በስድስት ወሩ ተሰባብሮ ይጣል ነበር፤ ሣሩም ይተው ነበር፤ እሱም ይሄድ ነበር። ይህን እኔ አሰብኩት እንጂ እሱ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት 1966 አገሩ ሲናወጥ አሰብም ተናወጠ። ስብሰባ በዛ፣ ሥራ ማቆም መጣ፣ መኪናም አንዳንድ ሳምንት ጨርሶ አይወጣም ነበር። በበጋው መጨረሻ አቶ ገሠሠ ከቦታቸው ተነሡ። ሲሰናበቱ ይልቃልን ፈልገው ነበር፤ ተዳፋቱ ላይ ሲያጭድ ነበርና ከሩቅ እጃቸውን አነሡለት። ቃላቸውም አብሯቸው ሄደ። በምትካቸው የተሾሙት ሰው የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን ለእኔ አስተየቡኝ፦ ሁኔታው እስኪረጋጋ ማንኛውም ዝውውር ቆሟል። ወረቀቱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ይልቃል መጥቶ አነበበውና ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶ ሄደ።

በኅዳር 1967 እቴናት መጣች። ለማንም አልነገረችም። ዓመት ከመንፈቅ የሞላትን ትርፌን አዝላ፣ ያንኑ የእንጨት ሳጥን በተሸካሚ አስይዛ በካንቸሎው፣ በግቢው የብረት በር፣ ገባች። እኔ ነኝ ያየኋት፤ ሮጬ ተቀበልኳት። ይልቃል ከክሊኒኩ ጀርባ ነበር። የትራክተሩን ድምፅ ሰምታ ወደዚያው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሲያያት ሞተሩን አጠፋ።

«አንተ ካልመጣህ እኛ መጣን» አለች።

ወርዶ ልጁን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እጁ ጥቁር ዘይት ነበር፤ ሱሪው ላይ ጠረገው። ትርፌ አላወቀችውም፤ ፊቷን የእናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች።

«አሁንስ ስንት ጊዜ ቀረን?» አለች እቴናት።

እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ ቁጥር ይነግራት ነበር። ሁለት ዓመት፣ እስከ መስከረም፣ በሰኔ። አሁን ዝቅ ብሎ መሬቱን አየ።

«አላውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ሄደን ሳጥኑን ስንከፍት ሁለት አዳዲስ አጎበሮች ከላይ ነበሩ። ያን ጊዜ ነው ልትኖር አስባበት እንደመጣች የገባኝ። ይልቃል እጁን ታጥቦ ሲገባ ለአጎበሮቹ መስቀያ ሚስማር እንዲያመጣላት ላከችው፤ ከጋራዡ አራት ትልልቅ ሚስማር አምጥቶ ወንበር ላይ ወጥቶ ግድግዳው ላይ መታ።