አንዷን እንደ አምስት

«ጥር ሃያ ሁለት ነበር፤ ኧረ አይደለም፣ አስተርዮ ገና አላለፈም ነበር» ይላል መምህር ወንዳወቅ ራሱን እያረመ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ከጎኑ አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ለብሳለች። በነጠላ የጠቀለለቻትን፣ ከጸሎት መጽሐፍ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን መኪናው በነጠረ ቁጥር ከጭኗ ላይ ብድግ ታደርጋታለች።

«ምንድን ናት ልጄ?» አሉ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዞረው።

«ኮምፒዩተር ናት፣ አባቴ። አንዷን እንደ አምስት ኮምፒዩተር ከፋፍዬ ነው የምሠራባት።»

«አምስቱ በዚች ከተስማሙ፣ እኛ በአንድ ወንበር አራት ሆነን ምን ያነታርከናል?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «አንዱን ሳበላሸው ሌሎቹ አይነኩም። ቤቴ ቁጭ ብዬ አበላሻለሁ፣ መልሼ አስነሳለሁ።»

«ሆን ብለሽ?»

«እንዳልፈራ ነው። መሥሪያ ቤት አንዴ ከተሳሳትኩ ወዲህ ኮምፒዩተር ስነካ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገ ቡሬ የሥራ ፈተና አለኝ፤ አሁን ግን እጄ ረግቷል።»

እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። የሚያንቀጠቅጠው መኪናው ብቻ ነበር።

ወንዳወቅ ደስ አለው። ያኔ መሥሪያ ቤት ምን አበላሽታ እንደነበር ሊጠይቃት ዞር ሲል ግን መናኸሪያው ደርሰው ኖሮ፣ ሳጥኗን ታቅፋ ወርዳለች።