ሐጂ ያሳመሯት ወፍ

ይህ ነገር ከገጠመኝ ገና ዓመት አልሞላውም። ባለፈው ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነበር። ኮምፒውተሬን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ስለሚያበሳጨኝ፣ ምናልባት ብጽፈው ይወጣልኛል ብዬ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ባነርና የድርጅት ሎጎ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ባዶ ቦታ አይወዱም። አንድ ነገር ሠርቼ ሳሳያቸው «ሉል ጨምሪበት፤ የተጨባበጠ እጅም ይግባ» ይሉኛል። እጨምራለሁ፣ እንጀራ ነዋ!

አንድ ቀን ዘመድ ልጠይቅ ደሴ ወጥቼ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ዝናብ ያዘኝና አንድ ጨርቅ መሸጫ ደጃፍ ተጠለልኩ። ቀና ስል ከበሩ በላይ አሮጌ የቆርቆሮ ማስታወቂያ አየሁ። ድሮ ኮምቦልቻ የነበረ፣ ከተዘጋ የቆየ የክር ፋብሪካ ሎጎ ነው። ከማጠንጠኛ የወጣ አንድ ሰማያዊ ክር የትም ሳይቆረጥ ይዞርና ወፍ ይሆናል። ዓይን አልተሣለላትም። ክሩ ሲታጠፍ የተረፈው ትንሽ ነጭ ቦታ ራሱ ዓይኗ ነው። ዝናቡ ቢያባራም ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉኝ ባለሱቁ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ አዛውንት ናቸው።

«ሐጂ፣ ይቺ ወፍ እንዴት ታምራለች! እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም።»

ሳቁ። «ሱቁን ስከፍት ፋብሪካው የሰጠኝ ናት። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ ያያት ሰው የለም።»

ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ጥሩ ካሜራ ይዤ ቅዳሜ እንደምመጣ፣ ቅርጿ እንዳይጠፋም በኮምፒውተር እንደምገለብጣት ነገርኳቸው። ቅዳሜ ሥራ በዛብኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረች የት ትሄዳለች ብዬ ነው።

በመጨረሻ ካሜራ ተውሼ፣ መምጣቴን ደውዬ ነግሬያቸው ሄድኩ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «ነይ እስቲ፣ ነይ!» ብለው እጄን ይዘው ወደ ላይ አሳዩኝ።

ወፏ አረንጓዴ ሆናለች። ክንፏ ላባ በላባ ተሥሏል፣ አፏ ላይ ቅጠል ይዛለች። ሽፋሽፍት ያለው ትልቅ ጥቁር ዓይንም ተሠርቶላታል።

«እንግዳ ፎቶ ሊያነሳት እየመጣ እንደዛገች ትቆይ እንዴ? ቀቢ ጠርቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቄ እንደ አዲስ አሠራኋት። ምስኪን፣ ዓይን እንኳ አልነበራትም እኮ! አማረች?»

ከሥር የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠጋ ብዬ አየሁ። ተፍቆ አልቋል። ሐጂ ፊት ፊቴን ያዩኛል፤ አንዲት ቃል ከአፌ እስክትወጣ ጓጉተዋል።

«ማሻ አላህ፣ አምራለች» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወደ ላይ አንጋጠው ሳቁ። ፎቶ አነሳሁ። እሳቸውንም ከሥሯ አቁሜ አነሳኋቸው።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ የሠሩ ሰዎችን እያፈላለግሁ ጠየቅሁ። አንዲት እናት «ክሩ ላይ የነበረችው ወፍ? አዎ፣ ነበረች» አሉኝ፤ ሌላ የሚያስታውሱት የለም። ከትዝታዬም ልሥላት ስንት ጊዜ ሞከርኩ። አንገቷ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።

ደሴ በሄድኩ ቁጥር ሐጂ «ወፍሽን ሳታያት እንዳትሄጂ» እያሉ ይጠሩኛል። ሄጄ አያታለሁ፣ አመሰግናቸዋለሁ። በእሳቸው አልፈርድም፤ የቻሉትን ያህል አክብረውኛል። ታምራለች አልኳቸው እንጂ ምኗ እንደሚያምር መች ነገርኳቸው? የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዝናብና ዝገት ያን ሁሉ ዓመት ያላጠፏት ወፍ፣ እኔ ባላደንቃት ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበረች።