የሴና የጸሎት ርዕሶች

ኤቢሴ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትቀበል፣ ቁጥር ስትሰጥ፣ ፋይል ውስጥ ስትከት ትውላለች። በ2014 ዓ.ም. ብሎግ ጀመረችና በሁለት ወሯ የምትጽፈው አለቀባት። አንድ ስልጠና ላይ ግን «ርዕስ ሲጠፋችሁ የሚደርሷችሁን መልእክቶች አገላብጣችሁ አንብቡ» ተባለ። ነገሩ ልቧ ገባ። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ እንዳትነካ ኃላፊዋ አስጠነቀቃት፤ ደግ አደረገ። ስለ እህቷ መልእክት ግን ተይ የሚላት አልነበረም።

እህቷ ሴና ጊንጪ ነው ያገባችው። እናት አባታቸው ካረፉ ወዲህ ኤቢሴ ከእሷ ሌላ ማንም የላትም። ሴና ሰባት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልወለደችም። ሁለቱም ጴንጤ ናቸውና በየቅዳሜው የጸሎት ርዕሷን ለእህቷ በስልክ ትልክላታለች፣ በኦሮምኛ። ባሏ እንኳ የማያውቀውን ነበር የምትጽፍላት።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለቻት፦ «ኤቢኮ፣ አማቴ አዴ ኡርጌ ለጎረቤት ሕፃን ሹራብ እየሠሩ ነው። ቀለም ምረጪልኝ አሉኝ፤ ቢጫ አልኳቸው። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እንዳልጠላቸው ጸልዪልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ኤቢሴ ጸልያለች። ግን ገና ከጉልበቷ ሳትነሳ ነገሩ ጽሑፍ ሆኖ ታያት። ጊንጪ የሚለውን ሰረዘች፣ እህቷን «አንዲት ጎረቤቴ» አለቻት፣ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መለሰችው። ቋንቋው ሲቀየር ሰውየዋም የተቀየረች መስሏት እኮ ነው! የጊንጪ ሰው አማርኛ አያነብም ያላት ማን ነው? ቢጫውን ሹራብ ደግሞ ሳሳችለትና እንዳለ ተወችው። እንዲህ እያለች አምስት ወር ጻፈች። አንባቢው «አንጀታችንን በላሽው» ይላታል፤ እሷም ወደደችው።

አዴ ኡርጌ ሰው አንብቦላቸው ሰሙ። ሴና ደወለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«አማቴ ይኸው ሦስት ቀናቸው፣ ከእኔ ጋር እህል አልቀመሱም» አለች። «እኔ እኮ በአንቺ በኩል ለጌታ ነበር የምልከው፣ ኤቢ።»

ኤቢሴ ጽሑፎቹን አጠፋች፤ ጊንጪ ሄዳ አዴ ኡርጌ እግር ላይ ወደቀች። ይቅር አሏት። ሴናም ይቅር ብያለሁ አለች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን «ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን» የሚል ብቻ ይደርሳታል። ዓመት ሙሉ ደህና ነን!

ባለፈው የካቲት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ በኤቢሴ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ሰዓት ላይ፣ የጸሎት መሪዋ እህት ለንሳ ከወረቀት አነበበች፦ «ከሌላ ከተማ የመጣ ርዕስ ነው፤ ስሜ እንዳይጠራ ብላለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ፀንሳ፣ በአምስት ወሯ ያስወረዳት እህት አለች።»

ኤቢሴ ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። «የእኔንም ሴና አስባት፣ እሷ መፀነሱን እንኳ አላየችውም» ብላ ጨምራ ጸለየች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ስልኳን አወጣችና ስለዚያች ሴት አንድ አንቀጽ ጻፈች። አመል ነዋ።

በማግስቱ የሴና ባል ለሜሳ ደወለላት። «ሴና፣ ኤቢሴ እንዳትሰማ ብላ አስምላኝ ነበር፤ አልቻልኩም። አምስት ወሯ ነበር። ነይ» አላት።

እንዴት ሚኒባስ እንደተሳፈረች አታውቀውም። ስትደርስ ሴና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ አዴ ኡርጌ እግሯን ይዘው ተቀምጠዋል። ኤቢሴ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«ለለንሳ ነግረሽ ለእኔ ሳትነግሪኝ? እኔ እህትሽ አይደለሁም?»

ሴና ሳትዞር፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ብነግርሽ ትጽፊው ነበር?» አለቻት።

ኤቢሴ «አልጽፈውም ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። ስልኩ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው፤ አንቀጹም እዚያው አለ። እጇን ኪሱ ላይ ጫነች። ሴና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስባ ፊቷን ሸፈነች።