በእድር ድስት የተቀቀለው ሳንቃ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሐምሌ ካፊያ የአቃቂን ቆርቆሮዎች በስሱ ይዳብስ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው መሐሪ ስስ የቀርከሃ ቁራጮችን በሙጫ ደራርቦ ለጀልባ የሚሆን ሳንቃ ሠርቷል። ሙጫው ውኃ ይችል እንደሆነ ሊፈትን፣ የእድራችንን ትልቅ ድስት ተውሶ በራችን ላይ ይቀቅለዋል። ያለው ሳንቃ ያ ብቻ ነው፤ ከጸናለት የዝዋይ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሊያሠሩት ቃል ገብተዋል።

ጉንፋን ጥሎኝ ከተኛሁበት ዋይታ ቀሰቀሰኝና ወጣሁ። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይኑ በጭስ የቀላውን መሐሪን አንገቱን አቅፈው ያለቅሳሉ። «ኧረ ሳንቃው!» ቢልም የሚሰማው የለም። የእኔም እንባ መጣ።

«ማን ሞቶ ነው፣ እማማ ዘነቡ?»

«ያ ሰላምታው እንደ ቅኔ የሚረዝመው ልጅ ነዋ!» አሉኝ ሳይዞሩ። ዞረው ሲያዩኝ አማተቡ። «በስመ አብ! የእድር ድስት ተጥዶ አንተ ስትጠፋ ምን ልበል?»

ተራ በተራ አቅፈው ሳሙኝ። ዘመድ በሌለኝ ከተማ ለካ የሚያለቅስልኝ ሰፈር ነበረኝ፤ ይህን በቁሜ ላሳየኝ አምላክ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

መሐሪ ከእቅፍ ሲላቀቅ የድስቱ ውኃ ደርቆ ነበር። ሳንቃው አርሯል።